እጀታው ተቀብቷልና አይወልወል? ስለ ጀርም ገዳይ ሽፋኖችና ስለ ኤሌክትሪክ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደሴ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ሻጭ መጥቶ ለበር እጀታ፣ ለጠረጴዛና ለወንበር የሚቀባ ፈሳሽ አሳየን። «ናኖ ነው (በጣም ደቃቅ ቅንጣት ያለበት ማለቱ ነው)፤ አንዴ ከተቀባ ጀርም አይቀመጥበትም» አለ። ተገዛ፣ ተቀባ። ትንሽ ቆይቶ የጽዳት ሠራተኛችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት፣ «እጀታው ላይ አይልፉ፣ ራሱን ያጸዳል» ተባሉ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ክረምት ነው፤ ታካሚው ጭቃ ረግጦ፣ ጃንጥላውን አራግፎ ነው የሚገባው። አንድ ቀን እትዬ ነጭ ጨርቅ በሳሙና ውሃ ነክረው የላብራቶሪውን እጀታ አንድ ዙር ጠረጉና ጨርቁን ዘርግተው አሳዩኝ። ጣት የሚያህል ቡናማ መስመር፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ። «ልጄ፣ መድኃኒቱ እኮ ከዚህ ስር ነው ያለው» አሉኝ።

ንግግራቸው ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለዚህ በየቦታው የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ሽፋን ካለው ማጽዳት ቀረ»

አልቀረም። እትዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሱትን ሳይንሱም ይለዋል። አብዛኞቹ ጀርም ገዳይ ሽፋኖች የሚሠሩት በንክኪ ነው። መዳብን እንውሰድ። ባክቴሪያ መዳብ ላይ ሲያርፍ ከብረቱ አዮኖች ይወጣሉ። አዮን ማለት ኤሌክትሪክ የተሸከመ ደቃቅ ቅንጣት ነው። አዮኖቹ የባክቴሪያውን የውጭ ሽፋን ያበላሹታል፤ ወደ ውስጥ ገብተውም ፕሮቲኑንና ዘረመሉን ያጠቃሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጀርሙና ብረቱ ሲገናኙ ነው። በመሃላቸው የእጅ ቅባት፣ ላብ፣ የደረቀ ምራቅና ጭቃ ከገባ፣ ጀርሙ ፍራሽ ተነጥፎለታል ማለት ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. የመዳብ ቅይጦችን (መዳብ ከሌላ ብረት ጋር የተቀላቀለባቸውን) ጀርም ገዳይ ብሎ ሲመዘግብ ይህን ጉዳይ አልዘለለውም። ብረቱ የተለመደውን ጽዳት ያግዛል እንጂ አይተካም ተብሎ አብሮ እንዲነገር አድርጓል። ሻጮች የሚዘሉት ይህችን መስመር ነው።

በረኪናም ያው ነው። ደም ወይም ትውከት ላይ በቀጥታ ብታፈሱት ክሎሪኑ ጀርሙ ጋ ሳይደርስ ቆሻሻው ላይ ያልቃል። መጀመሪያ መጥረግና ሳሙና፣ ከዚያ መድኃኒት።

«ወዲያው ይገድላል፣ ያውም 99.9 በመቶ»

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን ሰዓቱን አብራችሁ አንብቡ። ኤጀንሲው ለመዳብ ቅይጦች የተቀበለው በ2 ሰዓት ውስጥ ከ99.9 በመቶ በላይ ባክቴሪያ መግደላቸውን ነው። ሁለት ሰዓት! ሰኞ ሰኞ፣ የገበያው ሰው ሲጨመር፣ የካርድ ክፍላችን በር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንቴ እንደሚነካ ባያችሁ። አንዱ ታካሚ ከለቀቀው በኋላ ቀጣዩ እስኪይዘው ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያ ሰከንድ መዳቡ ገና ሥራ አልጀመረም።

በቫይረስም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ የኮሮና ቫይረስ ፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት ሲቆይ፣ መዳብ ላይ ከ4 ሰዓት በኋላ ሕያው ቫይረስ አልተገኘም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማንም የማይነካው የአልጋ ጎን መደገፊያ ላይ በጣም ይጠቅማል። ሰው ተከታትሎ ለሚይዘው እጀታ ግን መፍትሔው እጅ መታጠብ ነው።

99.9 በመቶ ማለት ደግሞ ዜሮ ማለት አይደለም። ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ አንድ ሺው ይተርፋል። እርጥበትና ምግብ ካገኘ አንድ ሺው በጥቂት ሰዓት ተመልሶ ሚሊዮን ይሆናል።

«የሚያብረቀርቅ ብረት ንጹህ ነው»

ስቴንለስ ስቲል ለማጽዳት ይመቻል፣ አይዝግም። በራሱ ግን ጀርም አይገድልም። በዚያው የኮሮና ቫይረስ ሙከራ ቫይረሱ ስቴንለስ ላይ ከ2 እስከ 3 ቀን ቆይቷል። ጀርም በመግደል የሚሻለው ቀለሙ የደበዘዘው መዳብ ወይም መዳብ የበዛበት ናስ ነው። አንዳንድ ሰው ናሱ እንዳይጠቁር ብሎ ቫርኒሽ ይቀባዋል። ያኔ ጀርሙ የሚነካው ቫርኒሹን ነው፤ ናሱ ለዓይን ብቻ ይቀራል።

«ብር ካለበት የትም ይሠራል»

ብዙዎቹ «ናኖ» የሚባሉ ሽፋኖች ውስጥ ያለው ብር ነው፤ ገንዘቡ ሳይሆን ጌጥ የሚሠራበት ብረት። ብር ጎበዝ ጀርም ገዳይ ነው፤ ግን እርጥበት ይፈልጋል። አዮኑ የሚወጣው በውሃ ነው። ምርቶቹ የሚፈተኑበት የታወቀው ዓለም አቀፍ ዘዴ ደግሞ ናሙናውን አርጥቦ፣ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ90 በመቶ በላይ እርጥበት ባለው አየር፣ ለ24 ሰዓት ያቆየዋል። ከዚያ ነው ያ የሚያምረው ቁጥር የሚጻፈው። በተራ ክፍል ሙቀትና በደረቅ አየር ሲፈተን ግን የብር ሽፋኖች አቅም በጣም ይወርዳል። መዳብ እዚያ ላይ ይበልጠዋል።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር የጦሳ ተራራ ንፋስ ሲወርድ ከንፈር ይሰነጠቃል። እጀታው እስኪነኩት ይቀዘቅዛል፣ አየሩም ደረቅ ነው። 35 ዲግሪና 90 በመቶ እርጥበት ከየት ይመጣል? በሐረጎ ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ብንገባ ይሞቃል፤ እዚያም ቢሆን እጀታ ቀኑን ሙሉ ረጥቦ አይውልም። ስለዚህ ሻጭ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በስንት ዲግሪ፣ በምን ያህል እርጥበት፣ ለስንት ሰዓት ተፈተነ?

«ነጩ ቀለም ጨለማ ክፍልም ውስጥ ይሠራል»

የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ቀለም ማለታቸው ነው። ይህ በብርሃን የሚሠራ ነገር ነው፤ ያውም በዋናነት ዓይን በማያየው በአልትራቫዮሌት ጨረር። መስኮት የሌለው ኮሪደር ውስጥ ተራ ነጭ ቀለም ነው።

«ኤሌክትሪክ ያለው መሣሪያ ሁሉ ጀርም ይገድላል»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይደባለቃል። አንደኛው በኮሮና ጊዜ ብዙ የተወራለት ኤሌክትሪክ ያለው የመድኃኒት መርጫ ነው። የእሱ ኤሌክትሪክ ጀርም አይገድልም። ጠብታዎቹን ቻርጅ ያደርጋቸዋል፤ እነሱም በዕቃው ጀርባ ሳይቀር ዞረው ይጣበቃሉ። የሚገድለው ውስጡ ያለው ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ ደካማ ከሆነ ወይም ቶሎ ከደረቀ መርጫው ምንም አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅትም በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ቤት ውስጥ መርጨትን እንደ መደበኛ ጽዳት እንደማይመክር፣ ሰው ላይ መርጨትን ደግሞ ፈጽሞ እንደማይመክር ገልጿል።

ሁለተኛው እውነተኛው የኤሌክትሪክ መስክ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በዙሪያው የሚያሳርፈው ኃይል፤ ይሄ ደስ የሚል ሳይንስ ነው። የባክቴሪያው የራሱ የውጭ ሽፋን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ወደ 1 ቮልት ገደማ ከደረሰ ሽፋኑ ይበሳል። 1 ቮልት ትንሽ ይመስላል። ባክቴሪያው ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ እዚያ ለመድረስ በአንድ ሴንቲሜትር ከ10,000 ቮልት በላይ ያስፈልጋል። ጭማቂ በዚህ ዘዴ ከጀርም የሚጸዳባቸው ፋብሪካዎች አሉ፤ የኤሌክትሪኩ ግፊት የሚቆየው የሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮችን ያህል ብቻ ነው።

ጭማቂ ፈሳሽ ነው። ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ግን አየር አለ። አየር ደግሞ በአንድ ሴንቲሜትር 30,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ብልጭታ ይፈጥራል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች በሌላ መንገድ የሚሄዱት። ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ የብረት ሽቦዎችን ያበቅላሉ። መስኩ ጫፋቸው ላይ ስለሚጠራቀም ጥቂት ቮልት ይበቃል። ወይም ብር ባለበት ሽፋን ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይለቁና አዮኑ በብዛት እንዲወጣ ያደርጋሉ።

በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ ደግሞ ደካማ ኤሌክትሪክ ከጀርም ገዳይ ኬሚካል ጋር ሲጣመር የባክቴሪያ ንብርብርን በተሻለ እንደሚያጠቃ አሳይቷል። ንብርብሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቧንቧ ሲጠፋ ብዙ ቀን ውሃ የተቀመጠበትን ጀሪካን ውስጡን በጣት ንኩት። ያ የሚያሟልጨው ነገር ነው። ባክቴሪያዎች ራሳቸው ሠርተው የሚደበቁበት ቤት ስለሆነ ኬሚካል ብቻውን በቀላሉ አይደርስባቸውም።

አብዛኛው ግን ገና የላብራቶሪ ሥራ ነው። እባካችሁ፣ ከሶኬት ገመድ ስባችሁ ብረት ላይ አትሞክሩ። የቤታችን 220 ቮልት ባክቴሪያውን ሳይበሳ ሰውን ይገድላል።

«በረኪና በወፈረ ቁጥር ይሻላል»

ወፍራሙ ሳንባን ያቃጥላል፣ መዳብንና ሌላውንም የብረት ሽፋን ይበላል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ከተባለ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ደም ለፈሰሰበት ነው። ለተራ ጠረጴዛና እጀታ 0.1 በመቶ ይበቃል፤ ይህም 1 እጅ በ49 እጅ ውሃ ማለት ነው። የመጸዳጃ ቤት አሲድ በፍጹም አይቀላቀልበት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ሽፋኑ አሁንም እጀታችን ላይ አለ፤ አልፋቅነውም። እትዬ ግን በቀን አራት ጊዜ በሳሙና ውሃ ይጠርጉታል፣ ቀጥለው በረኪናውን ያስነኩትና በራሱ እስኪደርቅ ይተዉታል። ብጥብጡን የሚያዘጋጁት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ክሎሪን ብርሃን ላይ ሲውል ስለሚደክም ባልዲውን ከመስኮቱ ርቆ ከደረጃው ስር ያስቀምጡታል፤ ማታ የተረፈውን ይደፉታል።