ፍርምባ በጭስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቴክሳስ ውስጥ ትልቅ ሥጋ በጭስ ማብሰል የቆየ ባህል ነው። ዋናው ሥጋ ደግሞ ፍርምባ ነው፤ እነሱ ብሪስኬት ይሉታል። ጥሩ ሥጋና ጥሩ የኦክ እንጨት ተገኝቶም ነገሩ የሚበላሸው በሰዓት ግምት ነው። እንግዳ ተሰብስቦ ሥጋው ገና ይሆናል፤ ወይም በችኮላ ወጥቶ እንደ ጎማ ይለጠጣል።

«በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) አንድ ሰዓት ተኩል አስብና አባዛ»

ይህ ስሌት እሳቱን መቼ እንደምትለኩስ ይነግርሃል እንጂ ሥጋው መቼ እንደሚደርስ አይነግርህም። ሙቀት ከላይ ወደ መሀል ስለሚጓዝ ከክብደቱ ይልቅ ውፍረቱ ይወስናል። ክብደታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ሥጋዎች ወፍራሙ ይዘገያል። ስድስት ኪሎ ሙሉ ፍርምባ ከ107 እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (225–250 ፋራናይት) ባለው ሙቀት ከ10 እስከ 16 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ትርፍ ሰዓት ያዙ።

«ሙቀቱ ቆሟል፣ እሳት ጨምር»

ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ጋ ነው። የሥጋው የውስጥ ሙቀት መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል። ከ65 እስከ 75 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። ለሰዓታት ንቅንቅ ላይል ይችላል። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም፣ እሳቱም አልደከመም። ከሥጋው የሚወጣው ውሃ ላዩ ላይ እየተነነ ያቀዘቅዘዋል፤ ላብ ሰውነታችንን እንደሚያቀዘቅዘው ማለት ነው። ላዩ ሲደርቅ ሙቀቱ እንደገና መውጣት ይጀምራል።

ሰዓት ካጠረ ሥጋውን መጠቅለል ነው። እንፋሎቱ ማምለጫ ሲያጣ ማቀዝቀዙ ይቆማል። ፎይል ይፈጥናል፣ ግን ያንን ጥቁር ጣፋጭ ቅርፊት ያለሰልሰዋል። ሰም ያልተቀባ የሥጋ ቤት ወረቀት ትንሽ ቢዘገይም ቅርፊቱን ስለሚጠብቅ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

«63 ዲግሪ ከገባ በስሏል»

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላልተፈጨ የበሬ ሥጋ 63 ዲግሪና የሦስት ደቂቃ ዕረፍት ይበቃል ይላል። ያ ለጤና ነው። ፍርምባ ግን ብዙ ሲሠራ የኖረ ጡንቻ ስለሆነ ኮላጅን በሚባል ሥጋውን በሚያጠነክር ማያያዣ የተሞላ ነው። ኮላጅኑ ቀልጦ ለስላሳ ጄላቲን እስኪሆን ሙቀትም ጊዜም ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ93 እስከ 96 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። ቀጭን ሹል ብረት ጮማ በሌለው በኩል መሀሉ ላይ ውጉት። ያለ ትግል ከገባ ደርሷል። ከያዘ፣ ሰዓቱ ምንም ይበል ምን፣ ይቆይ።

«ክዳኑ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ይበቃል»

አይበቃም። የላዩን አየር ነው የሚለካው። ሌላ ቴርሞሜትር ከሥጋው ጎን ፍርግርጉ ላይ አድርጉ። ክዳኑንም በየደቂቃው አትክፈቱ፤ በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀት ይወጣል፣ ሰዓቱም ይረዝማል።

«እንደወጣ ይቆረጥ»

ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። እንደተጠቀለለ በፎጣ ሸፍናችሁ በረዶ የሌለበት ኩለር (ሙቀት የማያስወጣ ሳጥን) ውስጥ ብታስገቡት ለሰዓታት ትኩስ እንደሆነ ይቆያል፤ ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ብቻ በቴርሞሜትር ተከታተሉት። ስለዚህ ቀድሞ መድረሱ ችግር የለውም። እንግዶች በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ለምሳ ከመጡ፣ ሥጋው ጠዋት አራት ሰዓት እንዲደርስ አስቡ። 14 ሰዓት ወደኋላ ቁጠሩና የዋዜማው ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ፍርግርጉ ላይ ይሁን። ሁለት ሰዓት ቢዘገይ እንኳ የአንድ ሰዓት ዕረፍቱን አግኝቶ ምሳ ላይ ይቀርባል።