ኪኔስኮፕ ምንድን ነው?

የድሮ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በተነሣ ቁጥር ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ አባባል አለ፤ ሰሞኑንም ጉዳዩን በሚገባ አውቃለሁ ከሚል ጸሐፊ ብዕር እንደገና አነበብሁት። በአባባሉ መሠረት የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ፕሮግራሞች የተቀዱባቸው ኪኔስኮፖች ተደምስሰው ሌላ ነገር ተቀድቶባቸዋል፤ ከጥፋት የተረፉት ጥቂቶች ደግሞ የዚያ ዘመን ተመልካች በየቀኑ ያየው የነበረው ምስል ምን ያህል ደብዛዛ እንደነበረ ይመሰክራሉ። ኪኔስኮፕ ግን ከቴሌቪዥን የምስል ቱቦ ላይ የተቀረጸ ፊልም ነው። ፊልም ይጣላል፣ ይቃጠላል፣ በውስጡ ያለው ብር እንዲወጣ ተብሎ በኬሚካል ይታጠባል፣ ይበሰብሳል፤ ተደምስሶ ሁለተኛ ጊዜ ሊቀዳበት ግን ከቶ አይችልም። የሚደመሰሰው የቪዲዮ ቴፕ ነው፤ ለሥራ የሚበቃው የመጀመሪያው የቪዲዮ ቴፕ መቅጃ ደግሞ አምፔክስ የተባለው ኩባንያ በሚያዝያ 1956 ቺካጎ ላይ ለባለሙያዎች ያሳየው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ የ1949 ፕሮግራም «ቴፑ ተደመሰሰ» ማለት፣ ገና ያልተፈጠረ ዕቃ ጠፋ ብሎ እንደ መክሰስ ነው።

ሁለተኛው ስህተት፣ ማለትም ስለ ምስሉ መደብዘዝ የሚባለው፣ ይበልጥ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ኪኔስኮፕ ለምን እንደተሠራ ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። በቀጥታ የሚተላለፈው ፕሮግራም ብርሃኑ በጣም ደማቅ በሆነ የምስል ቱቦ ላይ እንዲታይ ይደረጋል፤ ከቱቦው ፊት ለፊት የቆመ የፊልም ካሜራ ምስሉን ይቀርጻል፤ ድምፁም አብሮ ይቀዳል። ስሙም መጀመሪያ የቱቦው ስም ነበር፤ ኋላ ላይ ከቱቦው ለተቀረጸው ፊልም መጠሪያ ሆነ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀውን ካሜራ የፊልም አምራቹ ኮዳክ ከቴሌቪዥን ድርጅቶቹ ከኤንቢሲና ከዱሞንት ጋር ተባብሮ በ1947 አቀረበ። የሥራው ዋና ችግር የፍጥነት ልዩነት ነበር፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 60 ግማሽ ምስሎችን (እያንዳንዱ ከምስሉ መስመሮች እኩሌታውን የያዘ) ሲያሳይ፣ ፊልም በሴኮንድ የሚያልፈው 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ሥዕል፣ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ሁለት ግማሽ ምስሎች ሲያርፉ የሚያዙት 48 ይሆናሉ፤ የቀሩት 12 የካሜራው መዝጊያ ተዘግቶ ፊልሙ ወደሚቀጥለው ፍሬም በሚሳብበት ቅጽበት ይባክናሉ። እንግዲህ ካሜራው በሙሉ ጤንነት ሲሠራ እንኳን ከእንቅስቃሴው አንድ አምስተኛው ይጠፋል ማለት ነው። መዝጊያው በጥቂቱ ከተዛነፈ ደግሞ በምስሉ መካከል የሚንቀጠቀጥ አግድም መስመር ይፈጠራል።

ይህን ሁሉ ድካም ያመጣው የማከፋፈል ችግር እንጂ ለመጪው ትውልድ ቅርስ የማኖር ሐሳብ አልነበረም። በ1948 ትልልቆቹ አውታሮች፣ ማለትም በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች ፕሮግራም የሚያቀርቡት ድርጅቶች፣ ፕሮግራሞቻቸውን በአመዛኙ ከኒው ዮርክ በቀጥታ ያስተላልፉ ነበር፤ ምስል የሚያልፍበት የኬብልና የማይክሮዌቭ መስመር ግን ወደ ብዙ ከተሞች አልደረሰም ነበር። የምሥራቁ ጠረፍ ከመካከለኛው ምዕራብ ጋር የተያያዘው በጥር 1949 ነው፤ አገሪቱ ከጠረፍ እስከ ጠረፍ የተገናኘችው ደግሞ ፕሬዚዳንት ትሩማን በሳን ፍራንሲስኮው የጃፓን የሰላም ጉባኤ ላይ ያደረጉት ንግግር በመስከረም 1951 ሲተላለፍ ነው። በዚህ መካከል መስመር ያልደረሰው ጣቢያ የአውታሩን ፕሮግራም የሚያገኘው ጣሳ ውስጥ በታሸገ ፊልም ነበር። ጣሳው በፖስታ ይመጣል፣ ይታያል፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ጣቢያ ይላካል ወይም ወደ ኒው ዮርክ ይመለሳል።

ጉዳዩ ለእኛ አገር ሰው በድርቆሽ ቢመሰል ይገባዋል። ድርቆሽ ለመንገደኛ የሚዘጋጅ ስንቅ ነው፤ ቤት ያለ ሰው ትኩሱን እንጀራ ይበላል። አሁን ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ ወደ ጎተራ ገብቶ የተረሳ የድርቆሽ ከረጢት ቢያገኝና «የዚህ ቤት ሰዎች የሚበሉት እንጀራ እንዲህ ደረቅና ተሰባሪ ነበር» ብሎ ቢጽፍ፣ ያገኘው ዕቃ እውነተኛ ነው፤ ድምዳሜው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በእጁ ያለው ምግብ ትኩሱ ላልደረሰው ሰው የተዘጋጀው ነውና። ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው፦ ለጎረቤት ድርቆሽ የሚያዘጋጅ ሰው የለም። ከቤቱ ደጅ የማያልፍ ምግብ እዚያው ተበልቶ ያልቃል፤ ጎተራ ውስጥም ዱካ አይተውም። የአንድ ከተማ ጣቢያ ለከተማው ሰዎች በራሱ ስቱዲዮ ያዘጋጃቸው የነበሩት ፕሮግራሞች ዕጣ በትክክል ይኸው ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ የነበረውን ኬፒአይኤክስን የመሰለ ጣቢያ እንውሰድ። ጣቢያው ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 1948 ሲሆን፣ ከአሜሪካ 108 ጣቢያዎች አንዱ ነበር፤ ቁጥሩ ለዓመታት ከዚህ ያላለፈው መንግሥት ከመስከረም 1948 መጨረሻ እስከ 1952 ድረስ አዲስ ፈቃድ መስጠት አቁሞ ስለነበረ ነው። የዚህ ዓይነት ጣቢያ የ1949 አንድ ቀን ዛሬ ከምንገምተው በጣም ያጠረ ነበር። ለረጅም ሰዓት የሚታየው ክቦችና መስመሮች፣ ብዙ ጊዜም የቀይ ሕንዳዊ አለቃ ራስ ያለበት የመሞከሪያ ምስል ነው፤ ሱቆችና ጠጋኞች የቴሌቪዥን ተቀባዮቻቸውን የሚያስተካክሉት በእርሱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወይም ሲመሻሽ ጣቢያው ይከፈትና ለልጆች አንድ አቅራቢ ከአሮጌ የከብት ጠባቂዎች ፊልም ጋር ይቀርባል፤ ትልልቆቹ የሆሊዉድ ኩባንያዎች ደህና ፊልሞቻቸውን ለቴሌቪዥን አይሰጡም ነበርና። የምግብ አሠራር ትምህርት፣ ከዜና ወኪል ወረቀት የሚነበብ ዜና፣ ከከተማው አዳራሽ በቀጥታ የሚመጣ ነጻ ትግል ወይም ቦክስ ይከተላል። በእነዚህ መካከል ከኒው ዮርክ የመጣው የጣሳ ፊልም ይገባል፤ ከዚያም ብሔራዊ መዝሙር ተሰምቶ ጣቢያው ይዘጋል።

በዚያ ቀን ከታየው ሁሉ ኪኔስኮፕ የነበረው ከኒው ዮርክ የመጣው ብቻ ነው። ዛሬ በቤተ መዛግብት የምናገኘውም በአመዛኙ እርሱው ነው። የአካባቢው አቅራቢ፣ የአካባቢው ዜና፣ የአካባቢው ትግል ወደ ሌላ ከተማ የሚላኩበት ምክንያት ስላልነበረ አልተቀረጹም፤ ያልተቀረጸንም ነገር ማንም ሊያጠፋው አይችልም። ስለዚህ «አጠፉት» የሚለው ክስ ለአካባቢ ፕሮግራሞች ሲነገር ጭራሽ ቦታውን ይስታል። ኩክላ፣ ፍራንና ኦሊ የተባለው የአሻንጉሊት ትርዒት ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1947 ቺካጎ በሚገኘው ደብልዩቢኬቢ ጣቢያ ሲጀምር የአንድ ከተማ ፕሮግራም ነበር፤ በ1949 ወደ ኤንቢሲ አውታር ገባ። ከአውታሩ ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች ተርፈዋል፤ ምክንያቱም መስመር ላልደረሳቸው ከተሞች በፊልም መላክ ነበረባቸው። ትርዒቱ ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የፖስታ መንገዱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ የሙያው ልማድ ነው። የአካባቢ ፕሮግራም ጭራሽ አልተቀረጸም ማለቴ አይደለም። የማስታወቂያ ደንበኛው የከፈለበት ነገር በትክክል መተላለፉን እንዲያይ፣ ወይም ጣቢያው ፕሮግራሙን ለሌላ ከተማ ለመሸጥ ሲያስብ ናሙና እንዲሆን የተቀረጸ ይገኛል። እነዚህ ግን ለማሳመን የተመረጡ ቀናት ናቸው፤ ተራውን ቀን አይወክሉም።

ወደ ምስሉ ጥራት ልመለስ። ኒው ዮርክ ውስጥ ጥሩ ተቀባይ የነበረው ቤተሰብ ያየው በ525 መስመር የተሠራ፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ፣ እንቅስቃሴው ልስልስ ያለ ምስል ነበር። የስቱዲዮ ካሜራዎቹ የራሳቸው ጉድለት ነበረባቸው፤ በጣም ብሩህ በሆነ ነገር ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ጥላ ለምሳሌ ከካሜራው እንጂ ከኪኔስኮፑ የመጣ አይደለም። መንገጫገጩ፣ የግራጫው ድርብርብ ወደ ነጭና ጥቁር መጠቅለሉ፣ የምስሉ ጠርዝ መጠምዘዙ ግን ከቅጂው ነው። የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቁት ነበር። በ1951 «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለው አስቂኝ ትርዒት ሲታቀድ፣ ተዋንያኑ በሆሊዉድ መኖር ፈለጉ፤ ስፖንሰሩ የሲጋራ ኩባንያ ፊሊፕ ሞሪስ ደግሞ ብዙ ደንበኞቹ የሚገኙበት ምሥራቅ ከሆሊዉድ የሚላክ ኪኔስኮፕ እንዲያይ አልፈቀደም። መፍትሔው ትርዒቱን ከመጀመሪያው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መቅረጽ ሆነ። ኪኔስኮፕ የዘመኑ መደበኛ ምስል ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ ባላስፈለገ ነበር። ይህ ፕሮግራም ኪኔስኮፕ ተብሎ ሲጠራ ማንበቤም አልቀረም፤ አሮጌና ጥቁርና ነጭ የሆነ ሁሉ ኪኔስኮፕ አይደለም።

መስመሩ ከጠረፍ እስከ ጠረፍ ከተዘረጋም በኋላ ኪኔስኮፕ አልቀረም፤ የሰዓት ልዩነቱ ያዘው። ኒው ዮርክ በምሽቱ ሁለት ሰዓት የሚጀምር ፕሮግራም ሎስ አንጀለስ የሚደርሰው ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ሠራተኛው ገና ቤቱ አልገባም። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ላይ ከመስመሩ እየተቀበሉ ይቀርጹታል፣ ፊልሙ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላም ይታያል። ባለሙያዎቹ «ትኩስ ኪኔስኮፕ» ይሉት ነበር፤ ፊልሙ ከማጠቢያው እንደወጣ ወደ ማሳያው ይገባ ነበርና። የአምፔክስ ቴፕ በኅዳር 1956 ሲቢኤስ በተባለው አውታር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው በዚሁ የሰዓት ማዘግየት ተግባር ነው። የሚደመሰስ ነገር የመጣው ያኔ ነው፤ ቴፑ ውድ ስለነበረ መደምሰሱ የሚያስደንቅ አልነበረም። በሃዋይ ደግሞ ከዋናው ምድር የሚመጣ የሳተላይት ቀጥታ ስርጭት እስከ 1966 ስላልነበረ፣ ፕሮግራም በአውሮፕላን ተጭኖ መሄዱ ቀጠለ።

የጠፉ ኪኔስኮፖች መኖራቸውን አልክድም። በ1956 የተዘጋው የዱሞንት አውታር ፊልሞች በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ወደብ ውስጥ እንደተጣሉ ተዋናይት ኢዲ አዳምስ በ1996 ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሰጠችው ምስክርነት ተናግራለች። የቀሩትም በራሳቸው ይጠፋሉ፤ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም መሠረቱ አሴቴት ስለሆነ፣ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ከተቀመጠ የኮምጣጤ ሽታ እያወጣ ይጨማደዳል። ዛሬ በኮምፒውተር አማካይነት የጎደሉትን ግማሽ ምስሎች በግምት ሞልቶ የእንቅስቃሴውን ልስላሴ መመለስ ይቻላል። ድርቆሽን በውኃ እንደ ማራስ ነው፤ ይበላል፣ ይጣፍጣልም፣ ከምጣድ እንደወጣው እንጀራ ግን አይሆንም። እንዲህ የተሠራ ቅጂ ሲሰራጭ፣ ከምስሉ የትኛው ክፍል በግምት እንደተሞላ አብሮ ሊገለጽ ይገባዋል።

የአንድን ቀን ስርጭት ከኪኔስኮፕ ለመገንባት ለሚሞክር ሰው ከሁሉ የሚከብደው የቀን ጉዳይ ነው። በጣሳው ላይ የተጻፈው ቀን ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ኒው ዮርክ ላይ በቀጥታ የተላለፈበት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ፊልሙ የታጠበበት ነው። በ1949 ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ቤተሰብ ያንኑ ፕሮግራም ያየው ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ የገና ዝግጅት በዓሉ ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችል ነበር። የጋዜጣው የፕሮግራም ሰሌዳም አብዛኛውን ጊዜ የፕሮግራሙን ስም ብቻ ስለሚያትም፣ ኒው ዮርክና ሳን ፍራንሲስኮ በአንድ ምሽት አንድ ነገር ያዩ ያስመስላል። ስለዚህ እኔ በመዝገብ ላይ ሁለት ቀን እንዲጻፍ አደርጋለሁ፦ ፕሮግራሙ የተሠራበትና፣ በሌላ ሰነድ ከተረጋገጠ፣ በተባለው ከተማ የታየበት። ሁለተኛው ካልተረጋገጠ ቦታው ባዶ ይተዋል።