የተሠራበት ካርታ በወሎ ቡና ላይ

የቅርብ ምትሃት የሚባለው ተመልካቹ እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ትርዒት ነው። መድረክ የለውም፣ መጋረጃ የለውም። መሣሪያው ብዙ ጊዜ አንድ ፓኬት ካርታ ነው። ካርታው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሱቅ ገዝተን ኮንከር የምንጫወትበት ነው፤ በእሱ የሚሠራው ሁሉ የጣት ቅልጥፍና ነው። ሁለተኛው የተሠራበት ካርታ ነው። ተቆርጦ፣ ተለጥፎ ወይም ተቀብቶ ምስጢሩ እዚያው ካርታው ላይ አለ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ለሰው የሚያሳይ ምትሃተኛ በተለይ ይህን ሁለተኛውን ከመግዛቱ በፊት በደንብ ሊያስብበት ይገባል።

ከታወቁት አንዱ ስቬንጋሊ ነው። ከ52ቱ ካርታ 26ቱ የተለያዩ፣ 26ቱ አንድ ዓይነት ሆነው ይመጣሉ። አንድ ዓይነቶቹ በጥቂቱ ያጠሩ ናቸው። ፓኬቱ በአውራ ጣት ሲለቀቅ ሁሉም የተለያየ ይመስላል። ሌላው ተመልካቹ በሐሳቡ የጠራው ካርታ ብቻውን ተገልብጦ የሚገኝበት ነው። እዚያ ላይ ካርታዎቹ ጀርባቸው ሻካራ ቅባት ተቀብቶ ሁለት ሁለት ሆነው ይያያዛሉ። በአንድ ጫፉ ጠበብ ተደርጎ የተቆረጠም አለ። ከሁሉ ቀላሉ ግን ባለ ሁለት ጀርባው ነው፤ ፊት የለውም፣ ቢገለብጡትም ጀርባ ነው።

የተሠራበት ካርታ የሰነፍ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በ1922 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የካርታ ምትሃተኛው ዳይ ቨርነን ስመ ጥሩውን ምትሃተኛ ሃሪ ሁዲኒን ያሸነፈው በዚሁ በባለ ሁለት ጀርባው ነው። ሁዲኒ ሦስት ጊዜ ያየሁትን ምትሃት አውቀዋለሁ ይል ነበር። ቨርነን ሁዲኒ የፈረመበትን ካርታ ከላይ ሁለተኛ ያስገባ እያስመሰለ ደጋግሞ ከላይ አወጣለት። ሁዲኒ አላወቀውም። ካርታው አንድ ነገር ሠራ፤ የቀረውን የሠራው የቨርነን እጅ ነው።

ወሎ ላይ የካርታ ፈተናው ሌላ ነው። እዚህ ምትሃት የሚታየው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ቡና ላይ ነው። ሰው ረከቦቱን ከቦ ይቀመጣል፤ ከጎንም ከኋላም ዓይን አለ። ስለዚህ የሻጩ ማስታወቂያ ላይ ከፊት ብቻ የተቀረጸ ምትሃት አያስተማምንም። የጠረጴዛ ጠርዝ የሚፈልግም አይሆንም። መዳፍ ላይ ተጀምሮ መዳፍ ላይ የሚያልቅ ነው የሚያዋጣው።

ደግሞ ወሎዬ አይቶ ዝም አይልም። ይነካል። ስቬንጋሊ እንደገዛሁ አንድ ጎረቤት ቤት አሳየሁ። ጎረቤቴ ካርታዋን መረጠች፣ መለሰች፣ በወዝኩ፣ አወጣሁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ዳር የተቀመጡት እማማ እጃቸውን ዘረጉ፦ «እስኪ አምጣው ልጄ፣ ልየው»። እምቢ ማለት ነውር ነው። ሰጠኋቸው። በቀስታ፣ አንድ በአንድ ጉልበታቸው ላይ ደረደሩት። «ይሄ ሁሉ ዘጠኝ ምንድን ነው?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለማንኛውም ካርታ መጀመሪያ የምጠይቀው ያ እጅ ሲዘረጋ ምን ላድርግ የሚለውን ነው። መልስ የሌለው ካርታ፣ የቱንም ያህል ቢያስደንቅ፣ አልገዛውም።

ሁለተኛው ጥያቄ መድገም ነው። አቦል ላይ የታየውን፣ በረካ ላይ የደረሰ እንግዳ «ለእኔም» ይላል። እንደገና ለማሰናዳት አሥር ደቂቃ ጓዳ መግባት የሚጠይቅ ካርታ እዚህ አይመችም። በዚህ ባለ ሁለት ጀርባው ይበልጣል፤ አንድ ካርታ ስለሆነ ይገባል፣ ይወጣል።

የጀርባው ሥዕልም ይታይ። ከውጭ የሚመጡት ብዙዎቹ በባይስክል ካርታ ጀርባ የታተሙ ናቸው። ባይስክል ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ የአሜሪካ ካርታ ነው፤ የሰፈራችን ሱቅ የሚሸጠው ግን እሱ አይደለም። ተመልካቹ የማያውቀውን ካርታ ሲያይ ገና ከመጀመሪያው ይጠረጥራል።

አየሩም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ ጉሙ ሲወርድ ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ ይቆለመማል። ኮምቦልቻ በመኪና ቅርብ ብትሆንም ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ናት፤ እጅ ያልባል። ሻካራ ቅባት ያለው ካርታ ላብ ሲነካው መንሸራተቱን ትቶ ይጣበቃል። ለኮምቦልቻ የተቆረጠውን እመርጣለሁ።

ከመሣሪያው ውጭ አንድ ነገር ልጨምር። ካርታ ሲወጣ ቁማር የሚመስለው ቤት አለ፤ መተትን በምር የሚፈራ ሰውም አለ። አብሮት የሚመጣው መመሪያ «ሐሳብህን አነባለሁ» በል ወይም ገንዘብ አስይዝ ካለ፣ ያንን ክፍል መተው ነው። የእጅ ሥራ መሆኑን ቀድሞ መናገር ምትሃቱን አያበላሸውም። ሰው ተዝናንቶ ያያል።

እኔ አሁን የምይዘው ከዚሁ ከሰፈር ሱቅ የገዛሁትን ፓኬት ነው። ባለ ሁለት ጀርባውን ከዚያው ዓይነት ሁለት ካርታ ለጥፌ ሠርቼዋለሁ፤ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ግን ጀርባው ይመሳሰላል። እማማ ከመጠየቃቸው በፊት ከፓኬቱ መውጣት አለበት። ለዚህ የሚመቸው ከሰሉ ላይ ዕጣን ሲጨመር ነው፤ ያኔ የሁሉም ዓይን ወደ ጭሱ ይዞራል።