ሄይሎ፦ ኮምባት ኢቮልቭድ፣ ጥንካሬውና ጉድለቱ

«ሄይሎ፦ ኮምባት ኢቮልቭድ» የአሜሪካው ቡንጂ ስቱዲዮ የሠራው የሳይንስ ልብወለድ የተኩስ ጌም ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2001 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ፣ ማለትም ከማይክሮሶፍት የጌም ማጫወቻ ኮንሶል፣ ጋር በአንድ ቀን አሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ብዙ ሰው ያንን ኮንሶል የገዛው ለዚህ ጌም ሲል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አጀማመሩ ሌላ ነበር። ቡንጂ ሥራውን የጀመረው ጦርን ከላይ ሆነው እንደሚያዙበት ስትራቴጂ ጌም ነው። በ1999 ስቲቭ ጆብስ በአፕል መድረክ ላይ ለሕዝብ ሲያስተዋውቀው ደግሞ ተጫዋቹን ከጀርባ የሚያሳይ ነበር። በ2000 ማይክሮሶፍት ስቱዲዮውን ጠቅልሎ ገዛው። ጌሙም በመጨረሻ በወታደሩ ዓይን የሚታይ ሆኖ ወጣ።

ታሪኩ አጭር ነው። የሰው ልጅ ኮቨናንት ከሚባል የባዕዳን ጥምረት ጋር ጦርነት ላይ ነው። አንድ መርከብ ሲሸሽ ህዋ ላይ የተንሳፈፈ፣ ዲያሜትሩ 10,000 ኪሎ ሜትር የሆነ ግዙፍ ቀለበት ያገኛል። በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ባሕር፣ ተራራና በረዶ አለ። ቀና ስትሉ ምድሩ ራሱ ወደ ላይ ታጥፎ ሰማዩን ሲያቋርጥ ታያላችሁ። ተጫዋቹ ማስተር ቺፍ የተባለው ወታደር ነው፤ ኮርታና የተባለች አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ደግሞ እየመራች ታጅበዋለች።

የጌሙ ትልቁ ሀብት ጠላቶቹ ናቸው። «ሳይለንት ካርቶግራፈር» የሚባለውን ደረጃ ውሰዱ። ከባሕሩ ዳር ትወርዳላችሁ፣ ፊት ለፊት አሸዋና ድንጋይ፣ ከዚያ ኮቨናንት። ኤሊት የሚባለው ረጅሙ ተዋጊ የኃይል ጋሻው ሲያልቅበት እንደ ጅል አይቆምም። ድንጋይ ጀርባ ይደበቃል፣ ጋሻው ሲመለስለት ብቅ ይላል። እሱን ከገደላችሁት ግረንት የሚባሉት አጫጭሮቹ እጃቸውን እያወናጨፉ እየጮኹ ይበተናሉ። ስለዚህ ገና ከመተኮሳችሁ በፊት ማንን ልጀምር ብላችሁ ታስባላችሁ። ሀንተር የሚባሉት ግዙፎቹ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት። ከፊት ብረት ለበስ ናቸው፤ ዞር ብሎ ብርቱካናማውን ጀርባቸውን በሽጉጥ ላገኘ ግን አንዲት ጥይት ትበቃለች።

ሌላው ብልሃት ቁጠባው ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ የተኩስ ጌሞች አሥር መሣሪያ ያሸክሙ ነበር። እዚህ ሁለት ብቻ ነው የሚያዘው። አንዱን ስታነሱ አንዱን ትጥላላችሁ። የእጅ ቦምብ ለብቻው ቁልፍ ስላለው መሣሪያ ሳይቀየር ይወረወራል፣ በሰደፍ መምታትም እንደዚያው። የተጫዋቹም ጋሻ ለጥቂት ሰከንድ ካልተመታ ራሱን ይሞላል፤ ከሥሩ ያለው ጤና ግን መድኃኒት ካልተገኘ አይመለስም። ከዚያ በኋላ የመጡ ስንትና ስንት ጌሞች ይህን ወስደዋል። የተኩስ ጌም በጆይስቲክ አይመችም ይል የነበረውንም ብዙ ሰው ዝም አሰኝቷል።

ሙዚቃውን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ማርቲን ኦዶኔልና ማይክል ሳልቫቶሪ የሠሩት የመክፈቻው የወንዶች ዝማሬ የገዳም ድባብ አለው፤ ገና ዋናው ገጽ ላይ እያላችሁ ይይዛችኋል።

ጉድለቱ ከመሀል በኋላ ይጀምራል። ጌሙ አሥር ደረጃዎች አሉት፤ ከነሱ በርካቶቹ ተጫዋቹ ዳግም የሚመለስባቸው ቦታዎች ናቸው። «አሶልት ኦን ዘ ኮንትሮል ሩም» ላይ ያው ክፍል፣ ያው ድልድይ፣ ያው ኮሪደር ይደጋገማል። «ቱ ቢትሬያልስ» ላይ ደግሞ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ትሄዱበታላችሁ። የመጨረሻውም ደረጃ ወደ መጀመሪያዋ መርከብ ይመልሳል፤ እዚያ ግን መርከቧ ስለተሰባበረችና በመኪና የማምለጡ ሩጫ ልብ ስለሚሰቅል ይቅር ይባላል።

የማይታለፈው «ዘ ላይብረሪ» ነው። ብዙ ሰው ስለ ተመሳሳይ አዳራሾቹ ያማርራል፤ እውነት ነው፣ ወለል በወለል ያው ነው። ለእኔ ግን ዋናው ችግር ሌላ ነው። እዚህ የሚመጣው ፍለድ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ነው። ፍለድ አይደበቅም፣ አይሸሽም፣ አይፈራም፤ ዝም ብሎ ይግተለተላል። ያን ሁሉ ማሰብ ያስተማረ ጌም እዚህ ጋ ሾትገን ይዞ መተኮስና ወደ ኋላ ማፈግፈግ ብቻ ይቀረዋል። ሜዳውም ጠላቱም አብረው ተወሰዱ። በዚያ ላይ በፈለጉበት ሴቭ ማድረግ ስለሌለ፣ ከሞታችሁ ያንኑ አዳራሽ እንደገና ነው።

ሽጉጡም ሚዛን አልነበረውም። አጉሊ መነጽር ያለው፣ ሩቅ የሚመታ፣ ጭንቅላት ላይ ጥቂት ጥይት ብቻ የሚፈልግ ነበርና እርስ በርስ ሲጫወቱ ዋናውን ጠመንጃ ከንቱ አደረገው። ይህን የሚወዱለት ግን ዛሬም ሞልተዋል፤ ማነጣጠር የሚችለውን ይክሳል ይላሉ። ኢንተርኔት ላይ መጫወት በኤክስቦክሱ ቅጂ አልነበረም። አራት ኮንሶል በገመድ አገናኝቶ 16 ሰው ማጋጠም ይቻል ነበር። በ2003 የወጣው የኮምፒውተር ቅጂ ኢንተርኔቱን ሰጠ፤ ለሁለት ሆኖ ታሪኩን መጨረስን ግን ነሳ። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ቲቪ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ መኪናውን እየነዳ ሌላው ከኋላ መትረየሱን ሲተኩስ የሚገኘው ደስታ ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

በ2011 ለአሥረኛ ዓመቱ ምስሉ ታድሶ ወጣ። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ አዲሱና አሮጌው መልክ ይቀያየራል። የደረጃዎቹ አሠራር ግን ሳይነካ ስለቀረ ላይብረሪውም እንዳለ ነው። ፍለድ መጀመሪያ በሚታይበት ረግረግ ላይ አዲሱ ምስል ብርሃን አብዝቶ ፍርሃቱን ቀንሶታል፤ እዚያ ቦታ አሮጌውን ምረጡ።