«የከፍታ ሕመም የፈረንጅ ነው» እና ሌሎች የተራራ ወሬዎች

ሥራዬ እንግዳ ይዞ ስሜን ተራራ መውጣት ነው። ገና ከደባርቅ ሳንነሳ የምሰማው ወሬ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ።

«ጭላዳ ይናከሳል።» ጭላዳ ሣር በል ነው። ያ የሚያስፈራው ጥርስ እርስ በርስ የሚያስፈራሩበት ነው። ዳቦ አትወርውሩለት፣ አትጠጉት፣ አለቀ።

«ፀሐይ ስላለ ጃኬት አያስፈልግም።» ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ድንኳናችሁ ውርጭ ለብሶ ሲያድር እንነጋገራለን።

«አረቄ ያሞቃል።» የሚሞቀው ቆዳ ነው። የውስጡ ሙቀት በዚያው ቆዳ በኩል ይወጣል። ሌሊት ሲንቀጠቀጡ ብርድ ልብስ የማመላልሰው እኔ ነኝ።

«የተራራ ምንጭ ንፁህ ነው።» ከምንጩ በላይ በግና ከብት ይሰማራል። አፍልታችሁ ጠጡ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ስለሚመጣው ሕመም የሚወራው ነው። «የከፍታ ሕመም የፈረንጅ ነው፤ እኛ የደጋ ሰዎች ነን።» ይህን የሚለኝ ብዙ ጊዜ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ትናንት ከዱባይ ከመጣ ዘመዱ ይሻል ይሆናል። ግን ተራራው ላይ የምናድርበት የጨነቅ ካምፕ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። የቧሂት ተራራ ጫፍ ደግሞ 4,430 አካባቢ ይደርሳል። ከቦሌ ጋር ሲነጻጸር ሁለት ሺህ ሜትር ልዩነት ነው።

ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ተመራማሪዎች ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳትመዋል። የሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ነገር) መጠናቸው ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም ነበር። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች በሚኖሩ ሰዎች ላይ ግን በዚያ ከፍታ ይጨምራል። የሚገርም ነገር ነው፤ ግን የተመረመሩት እዚያው ተራራው ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አያትህ ጎንደሬ ስለሆኑ ብቻ አንተ ቦሌ አድገህ ተራራው አይምርህም።

«ጂም እሠራለሁ» የሚለውም አለ። ጡንቻ ከከፍታ አያድንም። እንዲያውም ጉልበተኛው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቶሎ ይያዛል። አንዱን ደልዳላ ጎረምሳ አስታውሳለሁ። ከጓደኞቹ ጋር ከአዲስ አበባ በመኪና መጥተው፣ ደባርቅ አድረው፣ በማግስቱ በመኪና በቀጥታ ጨነቅ ገቡ። መንገድ ላይ ዝቅ ብሎ ባለው ካምፕ፣ ሳንቃበር፣ እንደር ብል ማን ሰምቶኝ! ማታ ራሱን አመመው፣ እራት አስጠላው፣ ከዚያ ማስመለስ ጀመረ። ጓደኞቹ «የደባርቁ ቁርጥ ነው» ብለው ነጭ ሽንኩርት ያሸትቱታል። ቁርጡን ሁሉም በልተውታል እኮ! በዚያው ሌሊት በመኪና ደባርቅ አወረድነው። ጠዋት ፍርፍር ሲበላ አገኘሁት። መድኃኒቱ መውረድ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ደባርቅ እደሩ። ቀጥሎ 3,250 ሜትር ገደማ የሆነው ሳንቃበር፣ ከዚያ ግጭ፣ ከዚያ ጨነቅ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡ ያላችሁበት ቆዩ፤ ካልተሻላችሁ ውረዱ። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ወሬው ከተምታታ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን እስኪነጋ አትጠብቁ። ሳይታመሙ ለደከማቸው ደግሞ በቅሎ አለ። በቅሎ መከራየት ነውር የሚመስለው ሰው እስከዛሬ አልገባኝም።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት መጠየቅም አትርሱ።

አንዷ ቀርታለች፦ «ራስ ዳሽን ያለ ገመድ አይወጣም።» ይወጣል። ረጅም የእግር መንገድ ነው። ጫፉ ጋ ብቻ ድንጋዩን በእጅ እየያዛችሁ ትወጣላችሁ።