በቅርጫት ኳስ “በየክህሎቱ ማን ይበልጣል?” ክርክር የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በታኅሣሥና በጥር በኒው ዮርክ ከምሽቱ 1፡30 የሚጀመር የኤንቢኤ ጨዋታ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9፡30 ይሆናል። በዚህም ምክንያት አብዛኛው የሀገራችን ተመልካች ጨዋታውን የሚያውቀው ጠዋት በስልኩ በሚያየው የሁለት ደቂቃ ቅንጭብ እና በውጤት ሠንጠረዡ በኩል ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ወገን ሙሉውን ጨዋታ በምሽቱ የማየት ዕድል ቢኖረውም፣ “ምርጡ ወርዋሪ ማን ነው? ምርጡ ተከላካይስ?” የሚል እሰጥ አገባ ሲነሳ እሱም የሚመዘው ያንኑ ቅንጭብና ያንኑ ቁጥር ነው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው፤ ችግሩ የሚቆጠረው ነገርና የምንከራከርበት ክህሎት አንድ አለመሆናቸው ላይ ነው። ከዚህ በታች በተደጋጋሚ የሚሰሙትን አመለካከቶች አንድ በአንድ እንመለከታለን፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“የሦስት ነጥብ ምርጡ ወርዋሪ በመቶኛው ይታወቃል”

በመቶኛ ብቻ ከተሄደ መልሱ ስቲቭ ከር ነው። ከር በተጫዋችነት ዘመኑ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ከወረወራቸው ኳሶች 45.4 በመቶውን ያስገባ ሲሆን፣ በኤንቢኤ ታሪክ በዚህ መለኪያ የሚስተካከለው አልተገኘም። ስቴፈን ከሪ ከ42 በመቶ ጥቂት ከፍ ይላል። ይሁንና ከር በ15 የውድድር ዘመናት ያስገባው ባለ ሦስት ነጥብ በድምሩ 726 ሲሆን፣ ከሪ በ2015–16 የውድድር ዘመን ብቻ 402 አስገብቷል።

ልዩነቱን ለመረዳት ሁለቱ ኳሱን እንዴት እንደሚያገኙት ማየት ያስፈልጋል። ከር በቺካጎ ቡልስ ሳለ ማይክል ጆርዳን ኳሱን እያነጠረ ወደ ቀለበቱ ሲገባ ሁለት ተከላካዮች ይሰበሰቡበታል፤ ከር በዚህ ጊዜ ከመስመሩ ውጪ እግሩን አስተካክሎ፣ እጁን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ኳሱ ሲደርሰውም ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ሰው የለም። ከሪ ግን ኳሱን ራሱ እያነጠረ መጥቶ፣ ወይም በአጋሮቹ ትከሻ ሥር ተሽሎክሉኮ፣ ተከላካይ እጁን ፊቱ ላይ ዘርግቶበት፣ አንዳንዴም ከመስመሩ አንድና ሁለት ሜትር ርቆ ይወረውራል። በዚያ ላይ ከ1994 እስከ 1997 ባሉት ሦስት የውድድር ዘመናት ሊጉ መስመሩን ከ7.24 ሜትር ወደ 6.71 ሜትር አቅርቦት ነበር፤ ከር 52.4 በመቶ ያስገባበት ዓመትም በዚያው ጊዜ ውስጥ ይገኛል። ይህ የከርን ችሎታ አያሳንሰውም፤ የተሰጠውን ሥራ ከእሱ በላይ የሠራው የለም። ሥራው ግን ከከሪ ሥራ የተለየ ነበር። ከ2014 ጀምሮ ከር የከሪ አሠልጣኝ መሆኑ ክርክሩን የሚያጣፍጥ አጋጣሚ ነው።

ጠቅላላ ድምርም ቢሆን ብቻውን ዳኛ አይሆንም። የሦስት ነጥብ መስመር ወደ ኤንቢኤ የገባው በ1979 ሲሆን፣ ላሪ በርድ በ1985–86 ሊጉን የመራው 82 ባለ ሦስት ነጥቦችን በማስገባት ነው። ዛሬ ይህን ያህል በሁለት ወር የሚያስገቡ ተጫዋቾች አሉ። በርድ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሦስት ነጥብ ውድድሮች በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ነው፤ ቁጥሩ ያነሰው የዘመኑ አሠልጣኞች ይህን ውርወራ የጨዋታቸው መሠረት ስላላደረጉት ነው።

የእጅን ትክክለኛነት ብቻ ነጥሎ ማየት የሚፈልግ ሰው የተሻለው መለኪያ ነጻ ውርወራ ነው፤ ርቀቱ ለሁሉም 4.57 ሜትር ነው፣ ተከላካይም የለም። እዚያ ላይ ከሪ በ91 በመቶ ገደማ የታሪኩ አንደኛ ነው፤ ከር ወደ 86 በመቶ ይጠጋል።

“ረጃጅም ተጫዋቾች ነጻ ውርወራ አይሆንላቸውም”

ይህ አመለካከት የተወለደው ከሁለት ግዙፎች ነው፤ ዊልት ቻምበርሌን 51 በመቶ፣ ሻኪል ኦኒል 53 በመቶ ገደማ ነበሩ። ነገር ግን 2 ሜትር ከ29 የሚረዝመው ያኦ ሚንግ 83 በመቶ፣ 2 ሜትር ከ13 የሆነው ዲርክ ኖቪትስኪ 88 በመቶ ገደማ አስገብተዋል። ቻምበርሌን ራሱ ማርች 2 ቀን 1962 በኸርሺ፣ ፔንሲልቬኒያ 100 ነጥብ ባስቆጠረበት ምሽት ከ32 ነጻ ውርወራዎች 28ቱን አግብቷል። በዚያ ዓመት የሚወረውረው በሁለት እጁ ከጉልበቱ መካከል ወደ ላይ እየሰደደ ነበር፤ ኋላ ግን አወራወሩ ስለሚያሳፍረው ተወው። ቁመት ሳይሆን ኀፍረት እንደጎዳው መናገር የሚቻል ይመስለኛል።

“ሪባውንድ የቁመት ጉዳይ ነው”

ሪባውንድ፣ ማለትም ሳይገባ የነጠረውን ኳስ ማንሳት፣ ለረጅም ሰው የተሰጠ ጸጋ ቢሆን ኖሮ 2 ሜትር ከ31 የነበረው የሱዳኑ ማኑት ቦል በየጨዋታው በአማካይ ከ4 ጥቂት በላይ ብቻ አያነሳም ነበር። በአንጻሩ 2 ሜትር ከ1 ብቻ የሆነው ዴኒስ ሮድማን ከ1992 እስከ 1998 ሰባት ጊዜ በተከታታይ ሊጉን መርቷል፤ 1 ሜትር ከ98 ተብሎ የተመዘገበው ቻርልስ ባርክሌይም በ1986–87 አንደኛ ነበር።

ኳሱ ከቀለበቱ ከመድረሱ በፊት ያለችው አንዲት ሰከንድ እዚህ ወሳኝ ናት። ጥሩ ሪባውንደር ኳሱን ቀና ብሎ አያይም፤ በመጀመሪያ ተጋጣሚውን ይፈልጋል፣ በወገቡና በጀርባው ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀና የሚለው። ከጥግ የተወረወረ ኳስ ሲስት ብዙውን ጊዜ ወደ ተቃራኒው ጎን እንደሚወድቅ፣ ከሩቅ የተወረወረም ርቆ እንደሚነጥር ስለሚያውቅ ቦታውን አስቀድሞ ይይዛል። በዲትሮይት የሮድማን አጋር የነበረው አይዛያ ቶማስ እንደሚያስታውሰው ሮድማን በማሟሟቂያ ሰዓት ቆሞ የአጋሮቹ ኳስ በአየር ላይ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር ይቆጥር ነበር።

ሮድማን በ1991–92 በየጨዋታው 18.7 ሪባውንድ ሲያነሳ፣ ቻምበርሌን በ1960–61 27.2 አንስቷል፤ በአንድ ጨዋታ 55 ያነሳውም በዚያው የውድድር ዘመን ነው። ከዚህ ተነስቶ “ዊልት በሩቅ ይበልጣል” የሚል ሰው አንድ ነገር ይዘነጋል። በዊልት ጊዜ አንድ ቡድን በየጨዋታው ከ100 በላይ ጊዜ ይወረውር ነበር፤ ከመቶውም 42 ያህሉ ብቻ ይገቡ ነበር። በሮድማን ጊዜ ሙከራው ወደ 87 ወርዷል፣ የሚገባውም ወደ 47 በመቶ ከፍ ብሏል። የሚነሳው ኳስ ራሱ ቀንሷል ማለት ነው።

“ብዙ ኳስ የሚነጥቅና ብዙ ብሎክ የሚያደርግ ምርጥ ተከላካይ ነው”

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አለን አይቨርሰን ከ2001 እስከ 2003 ሦስት ጊዜ በተከታታይ በኳስ ነጠቃ ሊጉን መርቷል፤ ሆኖም በተጫዋችነት ዘመኑ አንድም ጊዜ በሊጉ ምርጥ ተከላካዮች ቡድን ውስጥ አልተመረጠም። በዚያው ዘመን የሳን አንቶኒዮው ብሩስ ቦወን በተጫዋችነት ዘመኑ በአማካይ በየጨዋታው አንድ ኳስ እንኳ ሳይነጥቅ ስምንት ጊዜ ተመርጧል።

አይቨርሰን ኳስ የሚነጥቀው አስቀድሞ በመገመት ነው፤ የራሱን ሰው ለቅቆ በሚቀበለው ተጫዋች መንገድ ላይ ይወረወራል። ግምቱ ሲሠራ ቅንጭብ ይሆናል፣ ሠንጠረዥ ላይም ይጻፋል። ሳይሠራ ሲቀር ግን ከኋላው አምስት አጥቂዎች በአራት ተከላካዮች ላይ ይጫወታሉ፣ ነጥቡም የሚገባው በሌላ ተከላካይ ስም ነው፤ ያንን ስሕተት የሚመዘግብ ዓምድ የለም። የቦወን ሥራ በተቃራኒው ኮቤ ብራያንት የሚወደው ቦታ ላይ ኳሱን እንዳይቀበል ማድረግ ነበር፤ ብራያንት አንድ እርምጃ ርቆ ከተቀበለ ቦወን ተሳክቶለታል፣ ግን ሠንጠረዡ ላይ ባዶ ነው።

ብሎክም፣ ማለትም የተወረወረን ኳስ በአየር ላይ መትቶ ማክሸፍ፣ እንዲሁ ነው። የሊጉ የምንጊዜም ክብረ ወሰን በሌጎስ እግር ኳስና እጅ ኳስ እየተጫወተ ያደገው የናይጄሪያው ተወላጅ ሐኪም ኦላጁዋን 3,830 ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ በኪንሻሳ የተወለደው ዲኬምቤ ሙቶምቦ ይመጣል። ሁለት አፍሪካውያን አንደኛና ሁለተኛ መሆናቸው ደስ ያሰኛል፣ ነገር ግን ኤንቢኤ ብሎክና ነጠቃን መመዝገብ የጀመረው በ1973–74 ነው፤ በ1969 ጫማውን የሰቀለው ቢል ራስል አንድም የተመዘገበ ብሎክ የለውም። ራስል የሚታወሰው ኳሱን ወደ ተመልካች መቀመጫ በመላክ አልነበረም፤ በጣቱ ነካ አድርጎ ሜዳ ውስጥ ያስቀረው ነበር፣ ቡድኑ ቦስተንም ከዚያው ይነሳል። ወደ መቀመጫ የተላከ ኳስ ለተጋጣሚ ተመልሶ ይሰጣል፤ በቁጥር ግን ሁለቱም “አንድ ብሎክ” ናቸው። ቲም ደንካን 15 ጊዜ በምርጥ ተከላካዮች ቡድን ተመርጦ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሽልማትን አንዴም ሳያገኝ መቅረቱም መራጮችን የሚማርካቸው ምን እንደሆነ ይጠቁማል።

“ማቀበል የፖይንት ጋርድ ሥራ ነው፣ ምርጡም ብዙ አሲስት ያለው ነው”

ፖይንት ጋርዱ (የቡድኑን ጨዋታ የሚያቀነባብረው ተጫዋች) ጆን ስቶክተን 15,806 አሲስት፣ ማለትም በቀጥታ ወደ ነጥብ የተቀየረ ቅብብል፣ አለው፤ ክብረ ወሰኑ በቅርቡ ይሰበራል ብዬ አልጠብቅም። በጨዋታ ሲሰላ ግን ማጂክ ጆንሰን በ11.2 ይበልጠዋል። ከዚህም ሌላ አሲስት የሚጻፈው ተቀባዩ ካስገባ ብቻ ነው፤ ስቶክተን ለ18 የውድድር ዘመናት ካርል ማሎንን የመሰለ አስቆጣሪ ከጎኑ ነበረው።

የቦታው ጉዳይም አዲስ አይደለም። ሴንተሩ (ከቀለበቱ አጠገብ የሚጫወተው ረጅሙ ተጫዋች) ቻምበርሌን በ1967–68 በጠቅላላ አሲስት ሊጉን መርቶ ነበር። ዛሬ ደግሞ በ2014 የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 41ኛ ሆኖ የተወሰደው ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች አለ፤ በ2024–25 በአማካይ 29.6 ነጥብ፣ 12.7 ሪባውንድና 10.2 አሲስት በማስመዝገብ በሁሉም ከአሥር በላይ የሆነ የመጀመሪያው ሴንተር ሆኗል። ዮኪች ኳሱን ከራሱ በላይ አድርጎ ይቆማል፤ 2 ሜትር ከ11 የሆነ ሰው ስለሆነ እጁ ላይ የሚደርስ ተከላካይ ብዙም የለም። ዓይኑ ወደ ግራ ሲያይ ኳሱ በቀኝ በኩል ወደ ቀለበቱ ለሮጠው አጋሩ ይሄዳል። ቁመቱ እዚህ ላይ እንቅፋት ሳይሆን መስኮት ሆኖለታል።

“ተከላካይን ያሰናከለ ምርጥ ኳስ አንጣሪ ነው”

ማርች 12 ቀን 1997 ጀማሪው አይቨርሰን በጆርዳን ፊት ኳሱን ከግራ ወደ ቀኝ አስቀይሮ ነጥብ ያስቆጠረበት ቅንጭብ እስካሁን ይዞራል። ልብ ብሎ ላየው ሰው ጆርዳን ተንሸራትቶ ተመልሶ እጁን ሊያደርስበት ጥቂት ሲቀረው ይታያል፤ የአይቨርሰን ፊላዴልፊያም ጨዋታውን 108 ለ104 ተሸንፏል። ኳስ ማንጠር የሚመዘነው በመጨረሻው ጥሩ ውርወራ ወይም ጥሩ ቅብብል በመገኘቱ፣ ኳሱም ባለመጥፋቱ ነው፤ በዚህ መለኪያ ማንንም ሳይጥል ጨዋታውን ይመራ የነበረው ክሪስ ፖል ከብዙ አድማቂዎች በላይ ይቀመጣል።

“በወሳኝ ሰዓት ምርጡ የመጨረሻውን ኳስ ያስገባው ነው”

ጁን 18 ቀን 2013 ማያሚ ሂት በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ በሳን አንቶኒዮ 95 ለ92 እየተመራ ነበር፤ ቢሸነፍ ዋንጫው ያበቃል። ሌብሮን ጄምስ ከሦስት ነጥብ ወርውሮ ሳተ። በዚያች ቅጽበት ሳን አንቶኒዮ ደንካንን ከሜዳ አስወጥቶት ስለነበር ከቀለበቱ ሥር ክሪስ ቦሽ ዘልሎ ኳሱን አነሳ፤ ሬይ አለን ደግሞ ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል፣ መስመሩን ሳያይ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ። ቦሽ አቀበለው፣ ሰዓቱ 5.2 ሰከንድ ሲቀረው ኳሱ ገባ፤ 95 ለ95። ማያሚ በጭማሪ ሰዓት 103 ለ100 አሸነፈ፤ የጭማሪውን የመጨረሻ ውርወራ ብሎክ ያደረገውም ቦሽ ነበር።

ቅንጭቡ የአለን ነው፣ ይገባዋልም፤ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ጥጉን በእግር ማግኘት በልምምድ ላይ ደጋግሞ የሠራው ነገር ነበር። ነገር ግን ያለ ቦሽ ሪባውንድ ውርወራው አይኖርም፣ ያለ ቦሽ ብሎክ ደግሞ ድሉ በእጅ ላይ አይቆይም። ያው ቦሽ ከሁለት ቀን በኋላ በተደረገው ሰባተኛ ጨዋታ አንድም ነጥብ አላስቆጠረም፤ ማያሚ ግን ዋንጫውን ወሰደ።

ዋንጫ በመቁጠር የወሳኝ ሰዓት ሰውን መለየት የሚፈልግ ደግሞ ጄሪ ዌስት ጋ ሲደርስ ይቸገራል። ዌስት ዘጠኝ ጊዜ ለፍጻሜ ቀርቦ ስምንቱን ተሸንፏል፤ ቢሆንም በዘመኑ የነበሩት የወሳኝ ሰዓት ሰው ብለው የሚጠሩት እሱን ነበር። በ1969 ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ 42 ነጥብ፣ 13 ሪባውንድና 12 አሲስት አስመዝግቦ ቡድኑ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ በቦስተን 108 ለ106 ተረታ። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ሽልማት በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተሸለመው ዌስት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከተሸናፊ ቡድን ማንም ሽልማቱን አላገኘም።