«የመጀመሪያዋ» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ታካኮ ዶይ የሚነገሩ ስህተቶች

ሳናኤ ታካይቺ ኦክቶበር 21 ቀን 2025 የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ወዲህ አንድ አረፍተ ነገር ጆሮዬን አደንቁሮታል። «ጃፓን ውስጥ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ድምፅ አሸንፋ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት።» ዜና ላይ ሰማሁት። ታክሲ ውስጥ ሰማሁት። ባለፈው ደግሞ የማስተምረው ልጅ ወረቀቱ ላይ ጽፎት መጣ። ከሥሩም «ከዚያ በፊት የጃፓን ሴቶች በፖለቲካ ቦታ አልነበራቸውም» ብሎ ጨምሮበታል። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩትና ከጎኑ አንድ ስም ጻፍኩ፦ ታካኮ ዶይ።

«ማን ናቸው?» አለኝ። የጃፓን ሶሻሊስት ፓርቲን የመሩ ፖለቲከኛ ናቸው። ለሱም ለሌላውም ሙሉው መልስ ይኸው። ዓመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ወይዘሮ ታካኮ»

ሁለት ቃል፣ ሁለት ስህተት። ዶይ አላገቡም። ታካኮ ደግሞ የራሳቸው ስም ነው። እኛ ሰውን በራሱ ስም የምንጠራው ሁለተኛው የአባት ስም ስለሆነ ነው። ጃፓኖች ግን በአደባባይ የሚጠራሩት በቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ «ዶይ» በሉ። ሕዝቡ ሲያቆላምጣቸው «ኦታካ-ሳን» ይላቸው ነበር፤ ያ የፍቅር ነው።

«የፖለቲከኛ ልጅ ስለሆኑ ነው»

አይደሉም። አባታቸው ኮቤ ውስጥ ሐኪም ነበሩ። እሳቸው በ1928 ተወለዱ፣ ኪዮቶ በሚገኘው ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፣ ሕገ መንግሥት አስተማሩ፣ በ1969 የታችኛው ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። ይህን የሚሉ ሰዎች ከማኪኮ ታናካ ጋር እያምታቱ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ካኩኤ ታናካ ልጅ እሳቸው ናቸው።

«የመምረጥ መብት አሜሪካኖች ለጃፓን ሴቶች የሰጡት ስጦታ ነው»

አሜሪካኖች ጃፓንን በያዙበት ጊዜ መታወጁ እውነት ነው። ግን እንደ ፉሳኤ ኢቺካዋ ያሉ የሴቶች መብት ታጋዮች ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምረው ሲጠይቁት የኖሩት መብት ነው። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በመረጡበት የኤፕሪል 1946 ምርጫ 39 ሴቶች ምክር ቤት ገቡ። ያንን ቁጥር ለማለፍ እስከ 2005 መጠበቅ ነበረበት። በ1986 የታችኛው ምክር ቤት ከ512 መቀመጫ ሴቶች የያዙት 7 ብቻ ነበር። ዶይ በዚያው ዓመት የጃፓን ሶሻሊስት ፓርቲ ሊቀመንበር ሲሆኑ በዙሪያቸው የነበረው ሁኔታ ይሄ ነው። ትልቅ ፓርቲ የመራች የመጀመሪያዋ ጃፓናዊት እሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ «የመጀመሪያዋ» ማለት ይቻላል።

«ከታካይቺ በፊት ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የተመረጠች ሴት የለችም»

ዋናው የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። አለች። ኦገስት 1989 የጃፓን የላይኛው ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቶ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የመረጠው ታካኮ ዶይን ነው።

ብዙ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። የሚያሳስተው ምን እንደሆነ ይገባኛል። እኛ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሰይመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አያገባውም። ጃፓን ግን ሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ ይሰጣሉ። ውጤታቸው ከተለያየ የሁለቱ ተወካዮች ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ካልተስማሙ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 67 መሠረት የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ይጸናል። የሆነውም ይሄው ነው። የላይኛው ዶይን አለ፣ የታችኛው ቶሺኪ ካይፉን አለ፣ ተነጋገሩ፣ አልተስማሙም፣ ካይፉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ስለዚህ ታካይቺ ሥልጣኑን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ይሄ ትክክል ነው፣ ትልቅ ነገርም ነው። ግን አንድ የጃፓን ምክር ቤት «ጠቅላይ ሚኒስትራችን እሷ ትሁን» ብሎ ከድምፅ ሳጥን ስሟን ካወጣላት 36 ዓመት አልፎ ነበር። ይህን መሰረዝ የዚያን ዘመን መራጭ ሁሉ መሰረዝ ነው።

«ዶይ ያሸነፉት፣ ሴት ስለሆኑ ሴቶች መርጠዋቸው ነው»

ይሄኛው ደግሞ ከተማሩ ሰዎች አፍ ይወጣል። የዶይ ፓርቲ ባሸነፈበት የጁላይ 1989 ምርጫ 22 ሴቶች የላይኛው ምክር ቤት ገብተዋል። ጋዜጦቹም «የማዶና ንፋስ» አሉት፤ ማዶና ያሏቸው ሴቶቹን እጩዎች ነው። ስሙ ስለሚጥም ሁሉም እሱን ይዞ ቀረ። ሥራውን የሠራው ግን ሌላ ነው።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ 3 ከመቶ የፍጆታ ታክስ ተጀመረ። ሪክሩት የተባለው ኩባንያ የአክሲዮን ድርሻ ለፖለቲከኞች ማደሉ ተጋለጠና ጠቅላይ ሚኒስትር ታኬሺታ ወረዱ። የተተኩት ኡኖ ደግሞ ወዲያው በሴት ጉዳይ ስማቸው ጠፋ። ገበሬው በበኩሉ የውጭ የበሬ ሥጋና ብርቱካን ሊገባበት ስለሆነ ተቆጥቷል።

አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። አንድ መቀመጫ ብቻ ያላቸው 26 ክልሎች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ገጠር። ገዢው ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ለዓመታት እንደ ርስቱ ያያቸው ቦታዎች ናቸው። ከ26ቱ ያሸነፈው 3 ብቻ ነው። የሩዝ ገበሬ ሽማግሌዎች ድምፅ ባይዞር ይሄ እንዴት ይሆናል?

ታክሱን በቅርብ ያየሁት ኪዮቶ ስማር ቤት ባከራዩኝ ባልቴት ዘንድ ነው። ወጥ ቤታቸው መደርደሪያ ላይ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ነበር፣ እስከ አፉ የአንድ የን ሳንቲም የሞላበት። ሳንቲሙ አሉሚኒየም ነው፣ አንድ ግራም ብቻ ይመዝናል፣ እጅ ላይ መኖሩም አይታወቅ። «100 የን የነበረው ቶፉ 103 ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ መልሴ በሙሉ ይሄ ነው» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገዢውን ፓርቲ ሲመርጡ ኖረው በ1989 ሶሻሊስቶቹን መረጡ። ዶይን ለምን ወደዷቸው ብዬ ስጠይቅ ሴትነታቸውን አላነሱም። ዶይ ስለ ታክሱ የሚሉትን ደገሙልኝ፤ «ዳሜ ና ሞኖ ዋ ዳሜ»፣ የማይሆን ነገር አይሆንም። ያቺ ንግግር በጃፓን ቤት ሁሉ ገብታ ነበር።

በነገራችን ላይ ዶይ በድሉ ማግስት ያሏት «ተራራው ተንቀሳቀሰ» የምትለዋ ቃልም መነሻዋ የሳቸው አይደለችም። ገጣሚዋ አኪኮ ዮሳኖ በ1911 «ተራራ የሚንቀሳቀስበት ቀን መጣ» ብላ ጽፋ ነበር። ዶይ አውቀው ነው ያነሷት።

«ተቃዋሚ ስለነበሩ የሠሩት ሕግ የለም»

እስከ 1984 ድረስ የጃፓን ዜግነት በአባት ብቻ ነበር የሚተላለፈው። እናቱ ጃፓናዊት፣ አባቱ አሜሪካዊ ወታደር የሆነ ልጅ ኦኪናዋ ተወልዶ አገር አልባ ሊቀር ይችል ነበር። ዶይ ይህን ምክር ቤት ውስጥ እየደጋገሙ ጠየቁ። ሕጉ ተሻሻለ፣ ከጃንዋሪ 1985 ጀምሮ እናትም ዜግነት ታስተላልፋለች። ተቃዋሚ ለብቻው ሕግ አያወጣም። ጥያቄውን ግን መንግሥት እስኪሰለቸው ሊጠይቅ ይችላል።

«ጠቅላይ ሚኒስትር ያልሆኑት ሴት ስለሆኑ ነው»

ጥላቻ አልነበረም አልልም። ነገር ግን እስቲ መቀመጫ ቁጠሩ። በ1990 የታችኛው ምክር ቤት 512 መቀመጫ ነበረው። ለአብላጫ 257 ያስፈልጋል። የዶይ ፓርቲ ያቀረበው እጩ 150 ገደማ ነው። ሁሉም ቢያሸንፉ እንኳ ብቻውን መንግሥት መመሥረት አይችልም!

ለምን ጥቂት አቀረበ? ያኔ አንድ የምርጫ ክልል ብዙ ተመራጮች ነበሩት። ነባሩ የፓርቲው ተመራጭ፣ ሁለተኛ የፓርቲው እጩ ከጎኑ ከቆመ ድምፁን ይካፈለዋል። ስለዚህ አዲስ ሰው እንዲገባ አልፈለገም። 136 አሸነፉ፤ ከቀረበው ሲታይ ግሩም ነው፣ ግን ለሥልጣን አይበቃም። በሊቀመንበራቸው ስም እየተመረጡ መንገዱን የዘጉባቸው የራሳቸው ጓዶች ናቸው። በ1991 የአካባቢ ምርጫ ፓርቲው ሲሸነፍ ኃላፊነቱን የወሰዱት ግን እሳቸው ነበሩ፤ ለቀቁ።

ስለ የትኛውም አገር ፓርቲ ስታነቡ «ስንት አሸነፈ» ከማለታችሁ በፊት «ስንት እጩ አቀረበ» በሉ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምለው ይህንኑ ነው።

«አፈ ጉባኤነት የማዕረግ ወንበር ነው»

ኦገስት 1993 የታችኛው ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ። እዚያ አባላት የሚጠሩት «ኩን» በሚል ቅጥያ ነበር። ኩን ለእኩያ ወይም ለታናሽ፣ በብዛትም ለወንድ የሚባል ነው። ዶይ «ሳን» ብለው መጥራት ጀመሩ፤ ለወንድም ለሴትም፣ ለትልቅም ለትንሽም የሚሆን አክብሮት ነው። እሳቸው ሲወርዱ ኩን ተመልሶ መጣ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን በጃንዋሪ 1994 የሆነው ነው። የምርጫ ማሻሻያው ሕግ የላይኛው ምክር ቤት ጥሎት ሊሞት ሲል፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆሶካዋንና ያኔ ተቃዋሚ የነበረውን የሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ ኮኖን ያገናኙት ዶይ ናቸው። 300 ባለ አንድ መቀመጫ ክልልና 200 የተመጣጣኝ ውክልና መቀመጫ (ለፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ የሚከፋፈል) ያለው ሥርዓት ከዚያ ወጣ። ለትንንሽ ፓርቲዎች ከባድ ሥርዓት ነው። በ2003 ዶይ በገዛ ክልላቸው ተሸነፉ፣ ምክር ቤት የገቡት በተመጣጣኝ ውክልናው በኩል ነበር። ፓርቲያቸው 6 መቀመጫ ቀረው፣ ዳግም ይዘውት ከነበረው መሪነት ለቀቁ። በ2005 ጨርሶ ወጡ። በ2014 አረፉ።

«እንከን የለባቸውም»

የሚወዷቸው ሰዎች ስህተት ደግሞ ይሄ ነው። ፓርቲያቸው ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ነበር። ጃፓናውያን በሰሜን ኮሪያ ታፍነው ተወስደዋል ሲባል ለዓመታት አላመነም። በ2002 የሰሜን ኮሪያው መሪ ኪም ጆንግ ኢል ራሳቸው አፈናውን አመኑ። ዶይ ይቅርታ ጠየቁ። የቤተሰቦቹን ለቅሶ ለሰማ ሰው የዘገየ ይቅርታ ነው። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ወደ ልጁ ወረቀት ልመለስ። አርሞ ሲያመጣልኝ አንድ ነገር ጨመርኩለት። ታካይቺ ከናራ በግል ተወዳድረው ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ቤት የገቡት በጁላይ 1993 ምርጫ ነው። በማግስቱ ወር፣ አዲሷ ተመራጭ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ ከፊታቸው የአፈ ጉባኤው ወንበር ላይ የወጡት ዶይ ነበሩ።